ሥነ ልቡና ያስጠናኝ ሰው

ይህን ታሪክ ሳልናደድ ልጽፈው ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት እግዜር ይወቀው። ልጆቼ «አባባ፣ ተረጋግተህ ጻፈው» ይሉኛል። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስረጋጋ ኖሬ የት ደረስኩ? አሁንስ እንደተናደድኩ ልጻፈውና የሚሆነው ይሁን።

ጊዜው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ወረታ ላይ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። መምህር ይግዛው ይበሉኝ እንጂ ሙሉ መምህር አልነበርኩም። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ጠመኔ አስይዘው ክፍል ውስጥ የከተቱኝ ጊዜያዊ ነበርኩ። ቋሚ ለመሆን ክረምት ክረምት ጎንደር እየወጡ ኮርስ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። ሒሳቡን አለፍኩ፣ ጂኦግራፊውን አለፍኩ፣ የማስተማር ዘዴውንም እንደምንም አለፍኩ። ሥነ ልቡና ላይ ስደርስ ወደቅሁ።

አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛውን እንደ ዝናብ ነበር የሚያወርደው። አንዱን ቃል ልጽፍ ሳጎነብስ ሦስቱ ያመልጡኛል። ለወደቅን ሰዎች አንድ ዕድል ተሰጠን፤ በየካቲት ውስጥ በአንድ ማክሰኞ ጎንደር ተገኝተን እንደገና እንድንፈተን። ድጋሚ የወደቀ ጠመኔውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል ተባልን። ወደ ቤቴ ብሄድ ደግሞ ቤቴ የሚጠብቀው እኔን ነው። አባቴ ሞቶ እናቴና ሦስት እህቶቼ በእኔ ደመወዝ ነበር የሚያድሩት።

የሚያስጠናኝ ሰው ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዲሬክተሬን ጠየቅሁ።

«ሸምድደው» አሉኝ። «እኔም ሸምድጄ ነው ያለፍኩት።»

«ምን ማለት እንደሆነ ግን ቢያስረዱኝ…»

«ማለቱን ማን ይጠይቅሃል?»

ተስፋ ቆርጬ ሳለ መፍትሔው ካላሰብኩት ሰው መጣ። ጨርቅና ጨው የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ጭንቀቴን ስነግራቸው ሳቁ። «ከይፋግ ወዲህ፣ ርብ ወንዝ ዳር ፈንታ የሚባል ገበሬ አለ። ጨው ሊገዛ ይመጣል። ጨው የጠቀለልኩበትን የእንግሊዝ ጋዜጣ እዚሁ ቆሞ አንብቦ ይጨርስና ነው የሚሄድ። እሱን ጠይቅ» አሉኝ።

በማግስቱ ሜዳውን አቋርጬ ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ፈንታን ያገኘሁት የጎረቤት አውድማ ላይ ጤፍ ሲወቃ ነው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ ፊቱ ገለባ የለበሰ ሰው። ወረቀቶቼን ሰጠሁት። እጁን በሱሪው ጠራርጎ ገለጥ ገለጥ አደረጋቸው።

«የከበደህ የትኛው ነው?»

«ሁሉም።»

ሳቀ። «ደግ ነው። የሚያስቸግረው ግማሹን የሚያውቅ ሰው ነው።»

አዲስ አበባ አራት ዓመት መምህርነት ተምሯል። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው አባቱ ሞቱ። እናቱ እመት የሺ ብቻቸውን ቀሩ፣ የአባቱን ርስት ደግሞ ቢያዝን የሚባለው የአካባቢው ጭቃ ሹም ማረስ ጀመረ። ፈንታ ትምህርቱን ጥሎ መጣና መሬቱን ጠየቀ። ጭቃ ሹሙም «ነገ» አለው። እኔ ስደርስ ያ ነገ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አንድ ጥግ ብቻ አስለቅቆ ሽንብራ ዘርቶበታል፤ ለቀሪው ይከራከራል።

ለማስጠናቱ ምን ልክፈል ብዬ ብጠይቀው «ያስተማርኩህን ለእናቴ በአማርኛ ትነግራታለህ። እሷ ከገባት አንተም ገብቶሃል። ካልገባት ትደግመዋለህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አያ ፈንታ እያልኩ በየሳምንቱ ቅዳሜ እመላለስ ጀመር፤ እዚያው አድሬ እሑድ እመለሳለሁ።

እመት የሺ ምስር እየለቀሙ ያዳምጡኛል። አንድ ቀን ደወል በሰማ ቁጥር ምራቁ ስለሚወርድ ውሻ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ይኸን ለማወቅ ነው ጎንደር ድረስ የሄድኸው? የእኔዋ ላም የማለቢያውን ድምፅ ስትሰማ ወተቷን ትለቅ የለም እንዴ!» አሉ። አያ ፈንታ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የሥነ ልቡና ነገር አንጀቴ ድረስ ገባኝ። በሁለት ወር ውስጥ ከሰባቱ ምዕራፎች ስድስቱን ጨረስን።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሰው ዕውቀት ሲቀምስ አፉ ይከፈታል። አንድ የገበያ ቀን ወረታ ጠላ ቤት ከባልንጀሮቼ ጋር ተቀምጬ ጉራዬን ነዛሁ። «የእኔ አስተማሪ የሰው ልብ ያነባል! ፊትህን አይቶ ምን እንደደበቅህ ይነግርሃል!» አልኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሁለት ሰዎች የአያ ፈንታ አገር ሰዎች ነበሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ርብን ተሻገረ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ የጭቃ ሹሙ ወንድም ጥማድ በሬ ከወንዝ ዳር ጠፋ። ጩኸቱ ሲሰማ እኔና አያ ፈንታ ከቤቱ ደጅ ካለችው ሾላ ሥር ስድስተኛውን ምዕራፍ እያየን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያች ዛፍ ጥላ አልተነሣንም፤ ምሳችንንም እዚያው ነው የበላነው። አብረን ተነሥተን አብረን ሮጥን። ይህን አስታውሱልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻው ቅዳሜ መጣ። የቀረችን ሰባተኛዋ ምዕራፍ ብቻ ናት። ደብተሬን ይዤ ስደርስ መንደሩ ጭር ብሏል። ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። አውጫጭኝ ተጠርቶ ነበር።

አውጫጭኝን የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ። ንብረት ተሰርቆ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የማሉ ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው አንድ በአንድ እየተጠራ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ማንነቱ አይነገርም፣ አይጠየቅም። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ካልወጣም የጠፋውን አገሩ በሞላ ይከፍላል። እንግዲህ አስቡት፤ ከብቱ ሳይጠጣ፣ ሽንብራው ማሳ ላይ እየረገፈ፣ ሁለት መቶ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አንድ ስም ይጠብቃል። እውነቱን አይደለም የሚጠብቀው፤ ስም ነው። ይህን ሥርዓት የፍትሕ ጥበብ ነው እያሉ የሚያወድሱ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን እንኳ እዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

በሬው ሲጠፋ እዚህ የነበረ ሁሉ ይገባል ብለው እኔንም አስገቡኝ።

ተራዬ ሲደርስ ዛፉ ሥር ሄድኩ። የሽማግሌዎቹ መሪ አለቃ ጥሩነህ የሚባሉ ነጭ ጢም ያላቸው ካህን ነበሩ። ጭቃ ሹሙ ከጎናቸው ቆሟል።

«ልጄ፣ ፈንታ ልብ ያነባል ያልኸው አንተ ነህ?» አሉኝ አለቃ።

ጠላ ቤት የሰሙኝ ሁለቱ ሰዎች ከሩቅ ያዩኛል። «ዋሽቼ ነው፣ ጉራዬን ነው» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ብቻ ናት። ግን መምህር ነኝ፤ መምህር ይዋሻል ሊባል ነው።

«ማለቴ… እንዲያው…»

«ያነባል ወይስ አያነብም?»

«ጥቂት ጥቂት» አልኩ።

ጥቂት ጥቂት! እስከ ዛሬ ሌሊት ባንኜ ስነሣ ይህቺን ቃል አፌ ውስጥ አገኛታለሁ።

አያ ፈንታን ጠርተው በሰው ሁሉ ፊት አቆሙት። ጭቃ ሹሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ድሮ ሌባሻ ነበረን። መድኃኒት የጠጣው ሰው እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ቤት ነበር። መንግሥት ከለከለን፤ እሺ አልን። አንተን ግን ያው መንግሥት ራሱ አስተምሮ ልኮልናል። በል እንግዲህ፣ ሰው ይኸው፣ ፊቱ ይኸው። አንብብና ሌባውን አውጣ።»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንዳንዱ ፊቱን ሲሸፍን አየሁ፤ ያልሰረቀ ሰው ሳይቀር።

«ጌቶቼ» አለ አያ ፈንታ፣ «እኔ የተማርኩት ሕፃን ልጅ ፊደል እንዴት እንደሚይዝ፣ ሲፈራ ለምን እንደሚጠፋበት ነው። ሌባ መለየት አልተማርኩም።»

«ለዚህ ነው አራት ዓመት የጠፋኸው?» አለ አንዱ። ሜዳው ሳቀ።

«ተማሪህ ያነባል ብሎ ነግሮናል» አለ ጭቃ ሹሙ።

አያ ፈንታ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ተማሪዬ ገና ሰባተኛውን ምዕራፍ አልጨረሰም፤ አይፍረዱበት» አለ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «እኔ አሁን ተነሥቼ የአንዱን ስም ብጠራ ትቀበሉኛላችሁ። አውቃለሁ። የማልጠራውም ስለምትቀበሉኝ ነው።»

አለቃ ጥሩነህ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። የቀረው ሰው ግን ይህን አልወደደለትም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በየዋሳችን ተለቀቅን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንድንመለስ ታዘዝን። ምዕራፍ ሰባትን የመክፈት ልብም ጊዜም አላገኘንም።

እሑድ ሰዉ ከፍቶት መጣ። የአንዱ ላም ወልዳ ጥጃዋ ሞቷል፤ የሌላው ሽንብራ በከብት ተበልቷል። ጠዋት ላይ ሲያንሾካሹኩ «ያውቃል፣ ግን ይደብቃል» ነበር የሚሉት። ረፋድ ላይ «የሚደብቀው ለወዳጁ ነው» ሆነ። እኩለ ቀን ሳይሞላ «ሰው እንዲህ አጥብቆ የሚደብቀው የራሱን ነው» ማለት ጀመሩ። በአንድ ጠዋት፣ ዓይኔ እያየ፣ የሰው ስም እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሌባ ሆኖ ወጣ። የወሬው ዘር የእኔ «ጥቂት ጥቂት» ነበረች።

እኩለ ቀን ሲሆን አለቃ ጥሩነህ ተነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ወፍ ፈንታን ብላለች» አሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ሰዉ አልደነገጠም። እፎይ አለ! ሁለት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ እፎይ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ነጠላውን አራግፎ ሊነሣ ሲል አየሁት፤ ሽንብራውን ሊያጭድ ቸኩሎ። አብረውት ያደጉ፣ ልጆቻቸውን በነፃ ፊደል ያስቆጠረላቸው ሰዎች ናቸው።

ስንቅ ይዘው ዳር ከቆሙት ሴቶች መካከል እመት የሺ ጮኹ። «በሬው ሲጠፋ ልጄ ከደጁ አልተነሣም! ከተማሪው ጋር ነበር!»

«እናት ለልጇ አትመሰክርም» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ተማሪው ይጠየቅ! ይኸው፣ አለ! አፍ አለው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አለቃ በእጃቸው ጠሩኝ።

ሰው ከተቀመጠበት እስከ ዛፉ ድረስ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ጭቃ ሹሙ መንገድ ላይ ተቀበለኝና ቀስ እያለ ከጎኔ ተራመደ። ድምፁ የአባት ድምፅ ነበር።

«መምህር፣ ፈተና አለብህ አሉ።»

«አዎ ጌታዬ፣ ማክሰኞ። ጎንደር።»

«እግዜር ያሳልፍህ። እናትህንም የምትረዳ አንተ ነህ አሉኝ። ሥርዓቱን ልንገርህ። ምስክር የሆነ ሰው ነገሩ ችሎት እስኪቀርብ ዋስ ጠርቶ እዚሁ ይቆያል። ሐሙስ ይሁን ዓርብ አላውቅም። ያላየ ሰው ግን መንገዱ ክፍት ነው። በቅሎ አስጭንልሃለሁ፤ ወረታ በጊዜ ትገባለህ።»

ዋሽ አላለኝም። ልብ በሉ። አንድም ጊዜ ዋሽ አላለኝም።

ዛፉ ሥር ደረስን። አለቃ ጥሩነህ ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በሬዎቹ ሲነዱ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ማን እንደነዳቸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሌላ የምትለው ነገር አለ?»

ጠበቁኝ። ሽማግሌው ጠበቁኝ። ምናልባት እንድናገር ይፈልጉ ነበር፤ ዓይናቸው እንደዚያ ይል ነበር። እኔ ግን የእናቴን ደጅ አየሁ፣ እህቶቼን አየሁ፣ ከፈተናው ክፍል በር ላይ ስሜ ሲጠራ የሚመልስ ሲጠፋ ሰማሁ።

«የለኝም» አልኩ።

ስመለስ ለራሴ እንዲህ አልኩት፤ አልዋሸሁም እኮ። በሬ ሲነዳ አላየሁም። ማን እንደነዳው አላውቅም። የተናገርኩት ቃል ሁሉ እውነት ነው። አያ ፈንታ የተማረ ሰው ነው፣ ለራሱ ይከራከራል። እኔ ግን ብቀር የሚከራከርልኝ የለም። መቶዋን እርምጃ ሳልጨርስ ራሴን ንጹሕ ሰው አድርጌ ነበር።

አለቃ «ተማሪውም ያየሁት የለም ብሏል» ብለው ለሕዝቡ አሰሙ። አያ ፈንታ መሐል ላይ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት ቆሟል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይፈርድብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይግዛው» አለኝ፣ «የምዕራፍ ሰባት ማስታወሻዬ እናቴ ጋ አለ። ውሰድና በመንገድ አንብባት። ፈተናው ላይ ሳትወጣ አትቀርም።»

ሌላ ምንም አላለኝም።

እመት የሺ በሩጫ ወደ እኔ መጡ። ሰዉ ሲንጫጫ እሳቸው የቆሙበት ድረስ የአለቃ ቃል አልተሰማም።

«ነገርኻቸው ልጄ?»

«ነገርኳቸው» አልኩ።

«አልሰሙህም?»

«አልሰሙኝም።»

ትከሻዬን ሳሙኝ። «አንተስ የድርሻህን አድርገሃል። የጠሉት ይወርሳል ነው፤ መሬቱን ሊወርሱት ነው። እግዜር ፈተናህን ያቅልልህ» አሉኝ። ማስታወሻውን ከቤት አምጥተው ሰጡኝ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎም ጨመሩልኝ። በቅሎዋንም ተቀበልኩ። አዎ፣ በቅሎዋ ላይ ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተጭኜ፣ የጣራ ገዳምን ተራራ በስተቀኝ እያየሁ ምዕራፍ ሰባትን ከፈትኩ። የአያ ፈንታ የእጅ ጽሑፍ ጥርት ያለ ነው። ምዕራፉ የሰው ልቡና ጥፋቱን እንዳያይ ለራሱ ሰበብ እንዴት እንደሚያበጅ የሚናገር ነበር። «ሰበብ የሚያበጅ ሰው አይዋሽም» ይላል ማስታወሻው፤ «እውነቱን ቆራርጦ የሚስማማውን ብቻ ይይዛል።» መኪናው ሲንገጫገጭ ፊደሉ ይዘልብኛል። ደግሜ አነበብኩት። ለእመት የሺ ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር፤ ገብቶኛል።

ማክሰኞ ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ «ከምሳሌ ጋር አስረዳ» ይላል። ጻፍኩ። አንድ ሰው ምስክርነት ቢጠየቅ፣ የተጠየቀውን ብቻ በእውነት ቢመልስ፣ የሚያድነውን ቃል ግን ቢውጥ፣ ከዚያም አልዋሸሁም ቢል ብዬ ጻፍኩ። በትልቅ ማርክ አለፍኩ። በሚቀጥለው ክረምት ሕንዳዊው አስተማሪያችን ምሳሌዬን ለክፍሉ በሙሉ አነበበው። «ይህ ልጅ ሥነ ልቡና ገብቶታል» አለ። ተጨበጨበልኝ። ወዳጆቼ፣ በጭብጨባ ተቃጥላችሁ ታውቃላችሁ?

አያ ፈንታን ምን አደረጉት? «ማሩት።» ከሚታሰር ብለው አስታረቁትና በበሬዎቹ ፋንታ የአባቱን መሬት በሞላ ለጭቃ ሹሙ ወንድም ለቀቀ። ሽንብራው እንኳ ከአውድማው አልተነሣም ነበር። እናቱን ይዞ አገር ለቀቀ። ሰኔ ሳይገባ በሬዎቹ ታወቁ፤ እብናት ገበያ ወስዶ የሸጣቸው የባለቤቱ የገዛ አማች ነበር። መሬቱ ተመለሰ? አልተመለሰም። «በሽማግሌ ያለቀ ነገር አይቀሰቀስም» ተባለ። ያቺ «ወፍ» ማን እንደነበረችም የጠየቀ የለም፤ ወፍ አይጠየቅማ!

«ጊዜው ነው» አትበሉኝ። ጊዜ በሬ አይነዳም፣ ጊዜ ስም አያወጣም። እዚያ ሜዳ ላይ የነበርነው ሰዎች ነን። ጭቃ ሹሙ ክፉ ነበር፤ እሺ። ከእሱ ጋር የነበረው ሁለት መቶ ሰው ግን ክፉ አልነበረም፤ የቸኮለ ነበር። እኔም ክፉ አልነበርኩም፤ ፈተና ነበረብኝ። የአያ ፈንታን ቤት ያፈረሰው ያ ክፉ ያልሆነው ሰው ሁሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርኩ። አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ቆሜ «ማነው ያደረገው? ጠቁሙ!» አላልኩም። አንዱ ልጅ መስኮት ቢሰብር ሌላውን አንበርክኬ አላውቅም። ባልደረቦቼ «ልፍስፍስ» ይሉኝ ነበር። በየስብሰባው ሰው በሹክሹክታ ስም ሲሰጥ ተነሥቼ «ቁምና በፊቱ ተናገር» እያልኩ ሁለት ጊዜ ከሥራ ተዛውሬአለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። የተጠየቅሁት ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ መጠየቁ ካለፈ በኋላ ብጮህ ምን ዋጋ አለው?

ብዙ ዓመት ቆይቶ ሐሙሲት ላይ አውቶቡስ ተበላሸብን። እህል የሚመዝን አንድ ሽበታም ሰው ከሚዛኑ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አያ ፈንታ ነበር።

«ይግዛው! አለፍክ?» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው።

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስነሣኝ። ጆንያ ላይ አስቀመጠኝ። አለቀስኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ የጭቃ ሹሙን በቅሎ ሳይቀር።

«ያኔ ገብቶኝ ነበር» አለ። «እኔም በአንተ ዕድሜ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«እመት የሺስ?»

«ዐረፈች። እስክትሞት ድረስ ለመጣው ሰው ሁሉ ‹ያ ልጅ እኮ መስክሮለት ነበር፤ እነሱ ናቸው ያልሰሙት› ትል ነበር። ስምህን እየጠራች ትመርቅህ ነበር።»

«እውነቱን አልነገርሃትም?»

«ያንን እንኳ ልቀማት?» አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ጭቃ ሹሙ ሞቷል፣ አለቃ ጥሩነህ ሞተዋል፣ አያ ፈንታም ከሦስት ዓመት በፊት ዐርፏል። መሬቷን ሌላ ያርሳታል። እኔ ግን አንድ ምርቃት በውሸት በልቻለሁ፤ ሳልከፍላት አልሞትም። እመት የሺ የተናገሩልኝን ቃል ዛሬ እውነት ላድርገው፤ እናንተ ሽማግሌ ሁኑና ስሙኝ።

እኔ ይግዛው እመሰክራለሁ። የጭቃ ሹም ቢያዝን ወንድም በሬዎች በጠፉበት ቅዳሜ፣ ፈንታ ከጠዋት ጀምሮ ጩኸቱ እስከተሰማበት ሰዓት ድረስ ከደጁ፣ ከሾላው ሥር አልተነሣም። አብሬው ነበርኩ። እኔን ሲያስተምር ነበር።